ከናፖሊ ወደ ፓሌርሞ በሌሊት መርከብ፦ ከጅማ ለሚነሣ ተጓዥ

ባሕር ሳያይ ያደገ የጅማ ሰው ስለ መርከብ ጉዞ ሲያስብ መጀመሪያ የሚፈራው ማዕበሉን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለአጭር ሥልጠና ወደ ደቡብ ኢጣሊያ በሄድኩበት ጊዜ ከናፖሊ ወደ ፓሌርሞ በሌሊት መርከብ ተሻግሬ፣ በዚያው መንገድ ከተመለስኩ በኋላ ግን ተጓዡን የሚያስቸግረው ባሕሩ ሳይሆን መርከቡ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያለው የየብስ ሥራ መሆኑን ተረዳሁ። ትኬቱ፣ ሰዓቱና ትክክለኛው የመሳፈሪያ ቦታ ከተስተካከሉ ሌሊቱ በእንቅልፍ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ለትምህርትም ሆነ ለስብሰባ ወደዚያ አገር የሚሄዱ ባልደረቦቼ ስለሚጠይቁኝ፣ ቡና ላይ የምነግራቸውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

መስመሩ

ናፖሊና ፓሌርሞ በቲሬንያ ባሕር ዳርቻ የሚገኙ ጥንታዊ ወደቦች ናቸው። ናፖሊን የቆረቆሯት ግሪኮች ሲሆኑ ስሟም «ኔአፖሊስ» ከሚለው፣ «አዲስ ከተማ» የሚል ትርጉም ካለው ቃል የመጣ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረች ከተማ እስከ ዛሬ «አዲስ» መባሏ፣ አዲስ አበባ ላለው አገር ሰው ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። በሲሲሊ ደሴት ላይ ያለችው ፓሌርሞ የፊንቄያውያን ከተማ ነበረች፤ ግሪኮች «ፓኖርሞስ»፣ ማለትም ሁለንተናዋ ወደብ የሆነች አሏት፣ ዐረቦች በ831 እ.ኤ.አ. ያዟት፣ ኖርማኖች ደግሞ በ1072 እ.ኤ.አ. ወሰዷት። ከ1816 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ከተሞች የሁለቱ ሲሲሊዎች መንግሥት በሚባለው በአንድ ዘውድ ሥር ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው የባሕር መንገድም ያኔ እንደ አገር ውስጥ አውራ ጎዳና የሚታይ ነበር። ለእኛ ደግሞ ናፖሊ ሌላ ትዝታ አላት፦ በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለመውረር የተላከው የፋሺስት ጦር ከተሳፈረባቸው ዋና ዋና ወደቦች አንዷ እርሷ ነበረች። በጅማ ከተማ የኢጣሊያ ዘመን ሕንጻዎችን እያየ ያደገ ሰው እዚያ ወደብ ላይ ቆሞ ይህን ሳያስብ ማለፍ ይከብደዋል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የባሕር ርቀት 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መርከቡ የሚሻገረው ከእኛ የዘወትር መንገድ ትንሽ አጠር ያለውን ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በየብስ ልሂድ ለሚል ሰው ባቡር አለ፤ ባቡሩ ግን የኢጣሊያን እግር እስከ ጫፉ ወርዶ፣ በቪላ ሳን ጆቫኒ ፉርጎዎቹ ተነጣጥለው መርከብ ላይ ተጭነው ወደ መሲና ከተሻገሩ በኋላ እንደገና በሐዲድ ስለሚቀጥል፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የሌሊቱ መርከብ ጥቅም ፍጥነቱ አይደለም። ጥቅሙ የመጓጓዣውንና የአንድ ሌሊት መኝታውን ዋጋ በአንድ ትኬት መክፈሉ፣ የቀን ብርሃንም ሳይባክን መትረፉ ነው።

በዚህ መስመር ከሚሠሩት ኩባንያዎች መካከል ግራንዲ ናቪ ቬሎቺ እና ቲሬኒያ ይገኙበታል። መርከቦቹ መኪናና የጭነት ተሽከርካሪ በሆዳቸው፣ ሰውን በላይኛው ፎቆቻቸው የሚይዙ፣ በተለምዶ ፌሪ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ማታ በ20:00 አካባቢ ተነሥተው በማግስቱ ጠዋት ከ6:30 እስከ 7:00 ባለው ጊዜ ይደርሳሉ፤ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ሁልጊዜ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

ሰዓቱን ማንበብ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስጄ ማብራራት የምፈልገው ይህን ነው፤ ምክንያቱም የእኛን ሰው መርከብ የሚያስመልጠው ከማዕበል ይልቅ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ 20:00 ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በቁጥር የተጻፈው ብዙም አያሳስትም። የሚያሳስተው በቃል የሚነገረው ነው። ኢጣሊያዊው የሆቴል ሠራተኛ «አሌ ኦቶ» ሲል «በስምንት» ማለቱ ስለሆነ፣ በልማድ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ሊይዘው ይችላል፤ በተቃራኒው «2 ሰዓት» ብሎ ማስታወሻ የያዘ ሰው ለታክሲ ነጂው «ዱዌ» ብሎ ቢነግረው ነጂው የሚመጣው ወይ ከሌሊቱ ወይ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በጉዞው ቀናት ውስጥ፣ ለራስዎ በሚይዙት ማስታወሻ ላይም ቢሆን፣ ሰዓትን በ24 ሰዓት አጻጻፍ ብቻ ይመዝግቡ።

ሁለተኛው ነገር የአገሮቹ የሰዓት ልዩነት ነው። ኢጣሊያ በበጋዋ ወራት፣ ማለትም ከፈረንጆቹ መጋቢት የመጨረሻ እሑድ እስከ ጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ድረስ፣ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት፣ በክረምቷ ደግሞ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። መርከቡ በ20:00 ሲነሣ ጅማ ውስጥ ያለ ቤተሰብዎ ሰዓት በበጋዋ ከምሽቱ 3፣ በክረምቷ ከምሽቱ 4 ይላል። «ገብቻለሁ፣ ልተኛ ነው» ብለው የሚደውሉበትን ጊዜ ይህን አስበው ይወስኑ፤ ከወደቡ ከራቁ በኋላ ስልክ አያገኙምና።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። ትኬቱ ላይ 05/10/2026 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ መስከረም 25 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ከዚህም ጋር መርከቡ አዳሪ መሆኑን አይዘንጉ፦ በኦክቶበር 5 ማታ የተሳፈረ ሰው ፓሌርሞ የሚገባው በኦክቶበር 6 ጠዋት ስለሆነ የፓሌርሞ ሆቴል የሚያዘው ከኦክቶበር 6 ጀምሮ ነው። የቪዛ ማመልከቻ ላይ የማደሪያ ማስረጃ ሲያያይዙ ያቺ አንድ ሌሊት ባዶ እንዳትመስል የመርከቡን ትኬት በዚያ ቀን ቦታ ያስገቡ።

ትኬቱና ማደሪያው

ትኬት ሲቆርጡ የሚመርጡት ማደሪያዎን ነው። ዝቅተኛው «ፓሳጆ ፖንቴ» የሚባለው ሲሆን መርከቡ ላይ መውጣትን ብቻ የሚፈቅድ፣ ወንበርም አልጋም የማይሰጥ ነው፤ ይህን የቆረጡ ወጣቶች በመተላለፊያና በመናፈሻው ሰገነት ላይ መኝታ ከረጢት ዘርግተው ሲያድሩ ይታያሉ። ቀጥሎ «ፖልትሮና» አለ። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ ከምናውቀው ጋር ስሙ አንድ ነው፣ ምቾቱ ግን አንድ አይደለም፦ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተደረደረ፣ ወደ ኋላ በትንሹ የሚጋደም፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወንበርን የሚመስል ነው። ከዚያ በላይ ካቢኖች አሉ፤ «ኢንተርና» የተባለው መስኮት የለውም፣ «ኤስተርና» የተባለው ወደ ባሕሩ የሚያይ መስኮት አለው። ሁለቱም አልጋ፣ አንሶላ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ አላቸው። አንዳንድ ጊዜም ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሙሉ ካቢን ሳይከራይ፣ ወንድ ከወንድ ሴት ከሴት ጋር በሚያድሩበት ካቢን ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ መግዛት ይችላል።

የእኔ ምክር መስኮት የሌለው ካቢን ነው። በሌሊት በመስኮቱ የሚታየው ጨለማ ብቻ ስለሆነ ለእርሱ የሚጨመረው ገንዘብ ያስቆጫል፤ ፖልትሮናው ደግሞ ያድናል የሚባለውን ገንዘብ በማግስቱ በድካም ያስከፍላል። በተለይ ፓሌርሞ እንደገቡ በዚያው ቀን ሥራ ወይም ስብሰባ ያለበት ሰው አልጋ ይያዝ።

ስምዎን ፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ያስገቡ። የእኛ የስም አወጣጥ የቤተሰብ ስም ስለሌለው፣ ቅጹ «ኮኞሜ» እና «ኖሜ» እያለ ሁለት ቦታ ሲጠይቅ ብዙዎች የራሳቸውንና የአባታቸውን ስም ያገላብጣሉ። መፍትሔው አለመገመት ነው፤ ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም ቦታ ያስቀመጠውን ለ«ኮኞሜ»፣ በስም ቦታ ያስቀመጠውን ለ«ኖሜ» መገልበጥ ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከወደብ ከ20 የባሕር ማይል በላይ የሚሄድ መርከብ የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ስም መዝግቦ እንዲይዝ ስለሚያዝ፣ ትኬትና ፓስፖርት ካልተመሳሰሉ መሳፈሪያው ላይ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሕፃናትም በስማቸው መመዝገብ አለባቸው፤ ማደሪያ የማይከፈልበት ሕፃን እንኳ ትኬት ሊኖረው ይገባል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ በውጭ ድረ ገጽ ላይ እምቢ ሊል ስለሚችል ከጉዞው በፊት ጅማ ባለው ባንክዎ ቅርንጫፍ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚሰጥበት መንገድ ይጠይቁ። ጥድፊያ በሌለበት ወቅት ወደቡ ላይ «ቢልዬተሪያ» ተብሎ ከተጻፈበት የትኬት መስኮት መግዛትም ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ይህን አይሞክሩ፤ በተለይ ኢጣሊያውያን ፌራጎስቶ የሚሉት የኦገስት 15 በዓል ሰሞን አገሩ በሙሉ ወደ ባሕር ስለሚወርድ ካቢኖች ከሳምንታት በፊት ያልቃሉ።

ቪዛ ከተነሣ፣ ሁለቱም ከተሞች በአንድ አገር ውስጥ ስለሆኑ ወደ ኢጣሊያ ያስገባዎት የሸንገን ቪዛ ይበቃል፤ መርከቡ ላይ የድንበር ቁጥጥር የለም። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ መግባት ይችላል፣ መደበኛ ውሳኔው ለኢትዮጵያውያን ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውጣት ግድ ስለሆነ ከጅማ የሚነሣ ሰው የመንገዱን ቀናት ጨምሮ ይቁጠር። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፦ ከፓሌርሞ ወደ ቱኒስ የሚሄድ መርከብም አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ለጉብኝት ብሎ በዚያ ከወጣ ወደ ኢጣሊያ መመለሻ የለውም።

ወደቡን ማግኘት

ሮም ላይ በአውሮፕላን ያረፈ ሰው ከከተማዋ ዋና የባቡር ጣቢያ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ከሩብ ባነሰ ጊዜ ናፖሊ ይገባል። ባቡሩ የሚያወርደው ጋሪባልዲ አደባባይ ባለው ማዕከላዊ ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደቡ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ታክሲ ቢይዝ ወይም በምድር ውስጥ ባቡሩ አንደኛ መስመር ሙኒቺፒዮ ድረስ ቢሄድ ይሻለዋል።

ችግሩ ናፖሊ አንድ የመሳፈሪያ ቦታ ያላት አለመሆኑ ላይ ነው። ሞሎ ቤቬሬሎ የሚባለው፣ ከማስኪዮ አንጆይኖ ግንብ ፊት ለፊት ያለው፣ ወደ ካፕሪና ወደ ቅርብ ደሴቶች የሚሄዱ ፈጣን ጀልባዎች ቦታ ነው። ከጎኑ ያለው ትልቁ ሕንጻ የመዝናኛ መርከቦች ጣቢያ ነው። ወደ ፓሌርሞ የሚሄዱት ትልልቅ ፌሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከእነዚህ በስተምሥራቅ፣ ካላታ ፖርታ ዲ ማሳ ከሚባለው አካባቢ ነው። እኔ መጀመሪያ በሄድኩበት ማታ ለታክሲው ነጂ «ፖርቶ» ብቻ ስላልኩት ቤቬሬሎ አወረደኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም። ጎማው የተሰበረ ሻንጣ እየጎተትኩ በድንጋይ ንጣፍ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስሮጥ ያላበኝ ላብ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ለነጂው የቦታውን ስም፣ የኩባንያውን ስምና «ፓሌርሞ» የሚለውን ጨምረው ይንገሩ፤ ከተቻለም ትኬቱን ያሳዩት።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት መርከቡ ገመዱን የሚፈታበት እንጂ ተሳፋሪው የሚደርስበት አይደለም። በእግሩ የሚሳፈር ሰው ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል፣ መኪና የያዘ ከሁለት ሰዓት በፊት ይድረስ። በሩ ከመነሻው ሰዓት በፊት ስለሚዘጋ፣ መርከቡ ዓይንዎ ፊት ቆሞ መግባት መከልከል አለ። «ኢምባርኮ» የሚለው ምልክት መሳፈሪያ ማለት ነው። በትልቁ የወደብ ግቢ ውስጥ በጭነት መኪናዎች መካከል ስለሚታለፍ ልጅ የያዘ ሰው እጁን አይልቀቅ።

እራትዎን ከተማ ውስጥ በልተው ቢሳፈሩ ኪስዎም ሆድዎም ይጠቀማል። የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ መርከቡ ላይ ያለው ምግብ ግን ማንም እንዲመዘግበው የሚያስመኝ አይደለም።

መርከቡ ላይ

የሚገባው በመርከቡ ጀርባ በተዘረጋው መወጣጫ ወይም በጎን ደረጃ ሲሆን፣ ትኬቱን አይተው የካቢን ቁልፍ ካርድ ይሰጡዎታል ወይም እንግዳ መቀበያው ጋ ይልኩዎታል። ሻንጣውን የሚሸከምልዎ ሰው ስለሌለ፣ ጠባብ ደረጃ እንደሚጠብቅዎ አስበው ከጅማ ሲነሡ ያሽጉ። ለሌሊቱ የሚያስፈልገውን በትንሽ ቦርሳ ለብቻ ማድረግ ጥሩ ነው፤ መኪና ይዘው ከሆነም መርከቡ ከተነሣ በኋላ የመኪናው ክፍል ስለሚዘጋ መድኃኒት፣ የሕፃን ወተትና ፓስፖርት እዚያ መቅረት የለባቸውም። ነጠላ ወይም ሳሳ ያለ ጋቢ ይያዙ። ኢጣሊያ በበጋ ይሞቃል ብለው በሸሚዝ የሚመጡ ሁሉ ማቀዝቀዣው ሲያንቀጠቅጣቸው ያድራሉ፤ ፖልትሮናው አዳራሽ በተለይ እንደ ሐምሌ የጅማ ሌሊት ይበርዳል።

ካቢኑን እንዳገኙ ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንዱ በበሩ ጀርባ የተለጠፈው ካርታ ነው፤ በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡበትን ቦታ ያሳያል፣ ወደዚያ የሚወስደውን ደረጃም አንድ ጊዜ ሄደው በእግርዎ ይሞክሩት። ሌላው የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ያለበት ቦታ ነው። በመርከቦች ሁሉ የታወቀው የአደጋ ጥሪ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ አጫጭር ድምፅና በመጨረሻ አንድ ረጅም ድምፅ ነው።

ስልክዎን ከወደብ ሲርቁ ወደ አውሮፕላን ሁኔታ ይቀይሩት። በመሐል ባሕር ስልኩ የመርከቡን የራሱን የሳተላይት ኔትዎርክ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ኔትዎርክ በአውሮፓ ኅብረት የርካሽ ሮሚንግ ደንብ ውስጥ ስለማይገባ፣ የኢጣሊያ ሲም ካርድ ያለው ሰው እንኳ ሳያውቀው ብዙ ገንዘብ ሊያልቅበት ይችላል።

ከዚያ ወደ ላይኛው ሰገነት ይውጡ። መርከቡ ወደ ደቡብ ሲያመራ የቬሱቪዮስ ተራራ በግራ ነው፤ ቀጥሎ ካፕሪ በግራ፣ ኢስኪያ በቀኝ ይቀራሉ። ቬሱቪዮስ ለመጨረሻ ጊዜ በ1944 እ.ኤ.አ. የፈነዳ፣ ከፍታው 1,281 ሜትር የሆነ ተራራ ነው። ጎኔ የቆሙት መንገደኞች በግርማው ሲደነቁ፣ ጅማ ከተማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዳለች፣ ማለትም እኛ ቡና የምንጠጣው ከዚያ ተራራ ጫፍ በላይ ሆነን እንደሆነ ልነግራቸው ፈልጌ ቋንቋው አነሰኝ።

ማቅለሽለሽ

የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ በ1787 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መስመር በሸራ መርከብ ሲሻገር ከመጋቢት 29 እስከ ሚያዝያ 2 ድረስ አራት ቀን ወስዶበታል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ያሳለፈው በባሕር ሕመም ካቢኑ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። የዛሬው ፌሪ ግዙፍ ስለሆነ በበጋ ሌሊት ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የሞተሩ ንዝረት ብቻ ነው። በክረምት ግን፣ በተለይ ማኤስትራሌ የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ወይም ሺሮኮ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲበረታ፣ መርከቡ ይወዛወዛል።

ራስዎን ለመመዘን የጊቤን ቁልቁለት ያስታውሱ። አውቶቡሱ ወደ ወንዙ ሲወርድና ሲወጣ ሎሚ አሽትቶ የሚያልፍ ሰው መርከቡንም ያልፈዋል፤ ፌስታል የሚይዝ ሰው ግን አስቀድሞ ይዘጋጅ። መርከብ በጣም የሚናጠው ፊትና ጀርባው ላይ፣ እንዲሁም ላይኛው ፎቅ ላይ ስለሆነ ካቢን ሲመርጡ በመሐልና በታችኛው ፎቅ ያለውን ይጠይቁ። የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን የሚሠራው ከመነሣትዎ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት ሲዋጥ ነው፤ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም። ክኒኑ እንቅልፍ ስለሚያመጣ መኪና የሚነዳ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፋርማሲስት ያማክር። ባዶ ሆድም ጥጋብም ይጎዳሉ፤ ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ይረዳሉ። ከጀመረዎት ስልክ ማየት ትተው ወደ ውጭ ወጥተው ሩቁን የባሕርና የሰማይ መገናኛ ይመልከቱ፣ ከጨለመም ተጋድመው ዓይንዎን ይጨፍኑ።

ምግብና ጸሎት

መርከቡ ላይ ራስን የማስተናገጃ ምግብ ቤትና ቡና ቤት አለ። ጾመኛ ከሆኑ «ፓስታ አል ፖሞዶሮ» ብለው ቢያዙ ቲማቲም ብቻ ያለው ፓስታ ይመጣል፤ «ሴንሳ ፎርማጆ» ካላሉ ግን አይብ ይነሰነስበታል። የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው «ሴንሳ ማያሌ» የሚለው ቃል ያስፈልገዋል፤ ሶሱ ውስጥ «ፓንቼታ» ወይም «ጓንቻሌ» ካለ የአሳማ ነው። ለሚሰግድ መንገደኛ፣ ወደ ፓሌርሞ ሲኬድ ቂብላ በመርከቡ ግራ በኩል፣ ከጎኑ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ በቀኝ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሆናል። የስልክ ኮምፓስ በብረቱ ብዛት ሊሳሳት ስለሚችል ይህን በቃል መያዝ ይጠቅማል።

ቡናውን በሚመለከት፣ የጅማ ሰው ሆኜ ዝም ማለት አልችልም፦ በትንሽ ሲኒ የሚሰጡት ኤስፕሬሶ ጠንካራ ነው፣ ሁለት ጉንጭ ነው፣ ቆመው ይጠጡትና ያልቃል። አቦልም ቶናም የለውም።

ፓሌርሞ መግባት

ከመድረሻው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሳሉ፣ ካቢኖችም እንዲለቀቁ ይጠየቃል። ጥሪውን ሲሰሙ አይዘግዩ፤ ቀድሞ ታጥቦ ሻንጣውን የዘጋ ሰው ሰገነት ላይ ወጥቶ የሚያየው ነገር አለ። በቀኝ በኩል ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣው የፔሌግሪኖ ተራራ ነው፤ ከተማዋ ከሥሩ ተዘርግታ በጠዋት ብርሃን ትታያለች።

ወደቡ ከከተማዋ መሐል የሚለይ አይደለም። ከበሩ እንደወጡ በኤሜሪኮ አማሪ ጎዳና ቀጥ ብለው አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቢራመዱ ፖሊቴያማ አደባባይ ይደርሳሉ። ሆቴሎች ክፍል የሚያስረክቡት ብዙውን ጊዜ ከ14:00 በኋላ ስለሆነ፣ ሻንጣዎን ተቀብለው እንዲያስቀምጡልዎ አስቀድመው ይጻፉላቸው። ሱቆች ያን ያህል በጠዋት አይከፈቱም፤ ቡና ቤቶች ግን ይከፈታሉ። ከዚያ ባላሮ ገበያ ይሂዱ። ነጋዴው በዜማ እየጮኸ ዕቃ ሲያወጣ፣ ቅመሙና ዓሣው በአንድ ጠባብ መንገድ ሲደረደር፣ የሄርማታ ገበያን ግርግር ለሚያውቅ ሰው እንግድነቱ ይቀልለታል።

አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ጊዜ ካለዎት በኖርማኖች ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የፓላቲና ጸሎት ቤት ይምረጡ። በ12ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዳግማዊ ሮጀር የተሠራ ሲሆን ግድግዳው የባይዛንታይን ሞዛይክ፣ ጣሪያው የሙስሊም ጠቢባን የእንጨት ሥራ ነው። ታዋቂው የጂኦግራፊ ሊቅ አል ኢድሪሲም የዓለምን ካርታ በ1154 እ.ኤ.አ. የጨረሰው ለዚሁ ንጉሥ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

መርከቡ ቢዘገይ ወይም ቢቀር

የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ተሳፋሪዎች ደንብ ዜግነትዎ ምንም ይሁን ምን ይሠራልዎታል። መርከቡ ከተሰረዘ ወይም ከ90 ደቂቃ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ፣ በሌላ መርከብ መሄድ ወይም ገንዘብ ማስመለስ የእርስዎ ምርጫ ነው፤ ሲጠብቁም እንደ ሁኔታው ምግብና መጠጥ ይቀርባል። እንደዚህ መስመር ከ8 እስከ 24 ሰዓት በሚወስድ ጉዞ መድረሻው ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየ የትኬቱን 25 በመቶ፣ ከ6 ሰዓት በላይ ከዘገየ 50 በመቶ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። መዘግየቱ በአስቸጋሪ የአየር ሁኔታ የመጣ ከሆነ ግን ካሳው አይከፈልም። ሰነፍ ሠራተኛ «ምንም አይደረግም» ቢልዎ ትኬቱንና የመሳፈሪያ ካርዱን ሳይጥሉ ለኩባንያው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የማቅረቢያው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ይህ ሁሉ እያለም፣ መርከቡ በሚገባበት ቀን ከሰዓት በፊት የሚነሣ አውሮፕላን አይያዙ፤ በተለይ ወደ አገር ቤት የሚመልስዎትን።

ሲመለሱ

አካሄዱ ያው ነው፤ ፓሌርሞ ወደቧ አንድ አካባቢ የተሰበሰበ ስለሆነ መሳሳቱም ይቀንሳል። ይህን መስመር የለመደ ሰው ከጄኖቫ ወደ ፓሌርሞ ወይም ከቺቪታቬኪያ ወደ ባርሴሎና ሃያ ሰዓት ያህል የሚወስዱትን፣ ከፒሬዎስ ወደ ኢራክሊዮ በአንድ ሌሊት የሚሻገሩትን መርከቦች በዚሁ ልማድ ይጓዝባቸዋል፤ ረጅሞቹ ላይ ግን ፖልትሮና ፈጽሞ አይታሰብ። ወደ ናፖሊ ሲመለሱ በጠዋት ተነሥተው በቀኝ በኩል ይቁሙ፤ ፀሐይዋ የምትወጣው በቬሱቪዮስ በኩል ነው፣ ቡና ቤቱም በዚያ ሰዓት ተከፍቷል።